እማሆይ ያልቀመሱት በርገር

እማሆይ ወለተ ሐና ማረፋቸውን የሰማሁት ሥጋ ቤት ቆሜ ተራ ስጠብቅ ነው። ለሥራ ባሕር ዳር ሦስት ቀን ከርሜ፣ ቤት ሳልገባ ከመናኸሪያ በቀጥታ ነበር ወደዚያ የሄድኩት። ባለሥጋ ቤቱ ቢላዋውን እየሳለ የሰፈሩን ወሬ ለደንበኞቹ ሲያካፍል፣ የቁስቋሟ አሮጊት መነኩሲት ትናንት እንዳረፉና ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚቀበሩ ነገረን። ተራዬ ደርሶ ምን ልስጥህ ሲለኝ "ከጮማው ቀላቀል አድርገህ" ብዬ ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ። እንዲህ ብዬ እንድገዛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሥጋ ከቀመሱ ሠላሳ ዓመት ላለፋቸው መነኩሲት ሥጋ ቤት ውስጥ ያለቀሰ ሰው ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ከኋላዬ የቆመች ሴት የኪሎው ዋጋ ያስለቀሰኝ መስሏት "አይዞህ ወንድሜ፣ ሁላችንም እንዲሁ ነን" አለችኝ።

ቤታችን ጎንደር፣ ቁስቋም ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ቁልቁል። የእማሆይ አንዲት ክፍል ቤት ከእኛ ጓሮ የምትለየው በቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው የሚደፉ፣ መቁጠሪያ ከእጃቸው የማይለይ ሴት ነበሩ። ሰው ሲያናግራቸው ፊቱን አያዩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። መጀመሪያ ላይ ጆሯቸው የደከመ መስሎኝ እየጮኽኩ ነበር ሰላም የምላቸው። አንድ ቀን "ልጄ፣ እሰማለሁ፤ ከሚገባው በላይ እሰማለሁ" አሉኝና አፈርኩ።

ስለ እኔ ማወቅ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምግብ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሥጋ የጋለ ብረት ላይ ሲያርፍ ለምን ቡናማ እንደሚሆንና ያ ሽታው ከየት እንደሚመጣ ሰሌዳ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ መተንተን እችላለሁ። ተማሪዎቼ ይጽፋሉ፣ እፈትናቸዋለሁ፣ ይወድቃሉ። ራሴ ግን ሥጋ መጥበስ አልችልም ነበር። ይህን ጉድ የሚያውቁት ባለቤቴ ሰብለ፣ አባቴና እማሆይ ብቻ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በአባቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ላይ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እናቴ ስትሞት ወደ እኔ አመጣኋቸው። ጥርሳቸው አልቆ ስለነበር ነርስ የሆነችው ሰብለ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠራችላቸው። እሳቸው ግን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት፤ የሚያደርጉት ለማኅሌት ብቻ ነው። "ይኼ ለእግዜር ነው፤ ለሆዴ አላውለውም" ይላሉ። ለምግብ ድዳቸው ብቻ ቀረ።

ሁዳዴን እንደ ጎልማሳ ጾመው ሲፈቱ ልብሳቸው ከላያቸው ሊወልቅ ደርሶ ነበር። የደጋ ሰው ናቸውና ሥጋ ይወዳሉ፤ ጥብስ ሲቀርብላቸው ግን አገላብጠው አገላብጠው መልሰው ያወጡታል። ምንቸት አብሽ እንዳይበሉ በርበሬውን ጨጓራቸው እሺ አይለውም። ሾርባ ሲመጣ "ምነው ልጄ፣ ታምሜያለሁ እንዴ?" እያሉ ይገፉታል። ሐኪሙ እንቅጩን ነገረን፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ካላገገሙ የሰኔ ጾም ይጥላቸዋል። አይጹሙ ማለት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ለእሳቸው ከመጾም መሞት ይቀልላቸዋል። ስለዚህ አባቴን ለማትረፍ ሃምሳ ቀን ነበረኝ።

በርገር የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔው ነኝ። የተፈጨ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ በርበሬ የለበትም፣ ድድ ይበቃዋል። ስልኬ ላይ የቪዲዮ ዓይነት አየሁ፣ ሽርጥ ገዛሁ፣ የሥራ ባልደረቦቼንም አስቀድሜ አስታወቅኩ። ሰብለ ሽርጡን አገላብጣ አይታ "ሥጋውስ?" አለችኝ። ሥጋውን የገዛሁት እንደ ጨዋ ሰው ነው፤ ጅማትም ጮማም የሌለበትን ቀይ ሥጋ መርጬ አስፈጨሁ። ቤት ስደርስ ደግሞ እናቴ ለወጥ ዶሮ ስታጥብ ያየሁት ትዝ አለኝ። ዶሮ በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይታጠባል፤ ያልታጠበ ለእንግዳ አይቀርብም። ዶሮ ከታጠበ በሬ ምን ዕዳው ነው ብዬ የተፈጨውን ሥጋ ወንፊት ላይ አድርጌ አራት ጊዜ አጠብኩት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኸው ነው። ከዚያ በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ እንደ ሊጥ አሸሁት፣ መጥበሻ ላይ ጣልኩት፣ ሽበት አወጣ።

አባቴ አንዴ ጎረሱ። ትንሽ አፋቸው ውስጥ አቆዩት። በመጨረሻ "ልጄ፣ ይኼ ምን ኃጢአት ቢሠራ ነው እንዲህ የተቀጣው?" አሉኝ። ሰብለ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ እዚያ ሆና ስትስቅ እሰማት ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ጓሮ ወጥቼ ሁለተኛውን ዙር ጀመርኩ። ጥፋቴ በደንብ አለማጠቤ ነው ብዬ ስለደመደምኩ በዚህኛው ስድስት ጊዜ ላጥበው አስቤያለሁ። ሮዝ የመሰለውን ውሃ አጥሩ ሥር ስደፋው ከወዲያ በኩል የእማሆይ ድምፅ መጣ።

"ምን እያጠብክ ነው ልጄ?"

"ሥጋ ነው እማሆይ። ይቅርታ፣ ውሃው ወደ እርስዎ መጣ እንዴ?"

"የተፈጨ ነው?"

"አዎ፣ በሎሚና በጨው ነው የማጥበው።"

መቁጠሪያቸው ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል።

"ልጄ፣ ጣዕሙ እኮ በእኔ ደጅ እየፈሰሰ ነው" አሉኝ።

ያን ቀን ነው ሳይመነኩሱ በፊት ምን እንደነበሩ ያወቅኩት። አዘዞ መንገድ ዳር ጥብስ ቤት ነበራቸው። እሳቸው የነገሩኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ከመተማ የሚመጡ ሾፌሮች የእሳቸውን ጥብስ ሳይበሉ ጎንደር እንደማይገቡ የሰማሁት ኋላ ከአንድ ጡረተኛ ሾፌር ነው። ስለ አባቴ ሁሉንም አጫወትኳቸው፤ ድዳቸውን፣ ሃምሳውን ቀን፣ የሰኔን ጾም። ብዙ አሰቡና ሊያስተምሩኝ ተስማሙ፤ ግን ቃል አስገቡኝ። እሳቸው አይቀምሱም፣ አይነኩም፤ ይህ ግልጽ ነው። ስማቸውን ለማንም አላነሣም፣ ለአባቴም ቢሆን። የመጨረሻው ግን ግራ አጋባኝ፤ "እግዜር ይስጥልኝ" እንዳልላቸው ከለከሉኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ጥብስ ቤት ሳለሁ፣ ሰው ጣፈጠኝ ሲለኝ በምስጋናው የምጠግብ እኔ ነበርኩ" አሉኝ። "ባሌ ታሞ ተኝቶ ነበር። የሞተ ዕለት እንኳ አጠገቡ አልነበርኩም፤ የሾፌር ምስጋና ስለቅም ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ምስጋና ጾሜ ነው።"

ወንፊቱን መሬት አስቀመጥኩ። እሳቸውም ወዲያው ከሰል እንዳቀጣጥል አዘዙኝ።

እንዲህ ሆነን ጀመርን። እኔ ጓሮ ውስጥ መጥበሻ ጥጄ፣ እሳቸው ከአጥሩ ወዲያ ድንጋይ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው። ሰብለ አንድ ቀን ከሆስፒታል ስትመለስ ብቻዬን ከቆርቆሮ ጋር ሳወራ ስላገኘችኝ ለእሷም ተነገራት፤ እሷም ቃል ገባች። ቀይ ሥጋ ብቻ መግዛቴን ተውኩ። አድቅቄ ማስፈጨትም ቀረ። ማጠቡማ ወሬውም አልተነሣም። ማሸቱን በተመለከተ እማሆይ "ሰብሰብ አድርገህ ተወው፤ ተጣልቶ እንደታረቀ ሰው ነው፣ አትነካካው" ይሉኝ ነበር። ጨው መጥበሻው ላይ ሊያርፍ ሲል እንጂ ቀድሞ አይገባም፤ ቀድሞ ከገባ ውሃውን አውጥቶ ያደርቀዋል። ይህችን የመጨረሻዋን ለተማሪዎቼ ሰባት ዓመት ሳስተምር ኖሬያለሁ። በሚበላ ነገር ላይ እንደምትሠራ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

ከሁሉ የባሰው ድምፁ ነው። ሥጋው መጥበሻው ላይ ሲያርፍ እማሆይ መቁጠሪያቸውን ያቆማሉ።

"አውጣው" ይላሉ።

"ምነው እማሆይ?"

"ያጉረመርማል። ብረቱ አልጋለም፤ በገዛ ውሃው እየተቀቀለ ነው።"

ከሰሉን አራግቤ እንደገና እጥላለሁ። "አሁን ጮኸ። ሸጋ። ጩኸቱ ሲበርድ አንዴ ገልብጠው፣ ሁለተኛ እንዳትነካው" ይሉኛል። አንድ ቀን ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት በማንኪያ ጀርባ ተጫንኩት። ጮማው ተንጫጫ፤ እማሆይም ሰምተው "ምን አደረገህ?" አሉኝ፣ ሥጋው የበደለኝ ነገር ያለ ይመስል። ሌላ ቀን ደግሞ ትንሽ ክብሬን ላስመልስ ብዬ ሥጋ ለምን ቡናማ እንደሚሆን የክፍል ትምህርቴን ከነስሙ ሰጠኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና "ልጄ፣ የተማርከው ስሙን ነው ወይስ እሱን?" ብለው ጠየቁኝ።

የወደቁትን በርገሮች እኔና ሰብለ በልተን ስንሰለች ለሰፈሩ ውሻ መስጠት ጀመርን። አባቴ ከሱ ብለን የጀመርነው ነገር ውሻውን አወፈረው። ሃምሳው ውስጥ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ፈተናዬ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሆነ። ቀኑ ግን እየሄደ ነበር። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከአልጋ ሲነሡ ባየሁ ቁጥር እቆጥራለሁ፤ ሃያ ሁለት ቀረ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀረ። አንድ ጠዋት ለቅዳሴ መሄድ አቅቷቸው ቤት ዋሉ። ያን ቀን ለእማሆይ ይህን ስነግራቸው ድምፄ ተቆራረጠ። "ለቅሶውን ተውና ሽንኩርት አምጣ" አሉኝ።

የመጨረሻው ትምህርት ሽንኩርቱ ነበር። ቪዲዮዎቹ ጥሬ ሽንኩርትና ካቻፕ ይሉ ነበር። እማሆይ ካቻፕ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ስኳር የገባበት ቲማቲም ነው አልኳቸው። "ለሥጋ?" አሉና ነገሩን በዚያው ዘጉት። ሽንኩርቱን እንደ ዶሮ ወጥ ቁሌት ያለ ዘይት በዝግታ፣ እንባዬም ላቤም እስኪያልቅ አቁላላሁት። ሲጠቁር በኮሰረትና በበሶብላ የተነጠረ ቅቤ ጠብ አደረግኩበት፣ ኮረሪማም ነካ አደረግኩበት። ዳቦውን ለሁለት ሰንጥቄ፣ ሥጋው በወጣበት መጥበሻ ላይ ሆዱን ገልብጬ ወዙን አስጠጣሁት። "ድድ ደረቅ ዳቦ አይወድም" አሉኝ። ከዚያ በአፍንጫቸው አየር ሲስቡ ሰማሁ።

"እሱ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "አሁን ውሰድላቸው።"

ሃምሳው ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። አባቴ በሁለት እጃቸው ያዙት፣ አማተቡ፣ ገመጡ። እኔና ሰብለ ቆመን አፋቸውን እናያለን። ወዙ በጢማቸው ሲወርድ አልጠረጉትም። ሲጨርሱ ጣታቸውን አንድ በአንድ ላሱና ባዶውን ሳህን ወደ እኔ ገፉት። "እጅህ ሸጋ ነው ልጄ። ሌላ ካለ አምጣ" አሉ። እኔ አይደለሁም ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ቃል መግባቴ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር ቃሉ ባይኖርም የምናገር አይመስለኝም። ከተወለድኩ ጀምሮ አባቴ ስለ እጄ የተናገሩት በጎ ነገር ያ የመጀመሪያው ነው።

ወደ አጥሩ ሮጥኩ። "በሉ እኮ እማሆይ፣ እግዜር ይስጥ" ብዬ ምላሴን ነከስኩ፤ ግን ረፍዶ ነበር። በራቸው ሲዘጋ ሰማሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ አልወጡም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምስጋናዬ ሆዴን ሲቆርጠኝ አንድ እስር ጧፍ ገዝቼ በራቸው ላይ አኖርኩ። "ጧፍ አስመስለህ አመጣህልኝ?" አሉኝና ሳይፈቱት ወደ ቤተ ክርስቲያን አሻገሩት። አባቴ በበኩላቸው በየቀኑ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት በርገር እየበሉ የሰኔን ጾም ቆመው ተቀበሉት። ጾሙትም። አልወደቁም።

አሁን የሚያሳፍረው ክፍል መጣ። ዝናዬ ወጣ። አባቴ ለካህናቱ ሁሉ "ልጄ ሥጋ ያውቃል" ብለው አወሩ። ከከተማው ወጣ ብለው ፀዳ የሚኖሩት ባልደረቦቼ እሁድ እሁድ ቤተሰባቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። እኔም ሽርጤን አጥልቄ፣ ሥጋ ማጉረምረም የለበትም መጮኽ አለበት እያልኩ እተነትንላቸዋለሁ። አንዱ ይህን የት ተማርከው ቢለኝ "ልምድ ነው" አልኩት። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ተረት አውቀዋለሁ። ግን ያደምቃል፤ እኔን አራት ዓመት አድምቆኛል። አንድ እሁድ እንዲህ ስመጻደቅ እማሆይ ከአጥሩ ወዲያ እንዳሉ ጨርሶ ረስቼ ነበር። በማግስቱ በምን ፊቴ ልያቸው ብዬ ጓሮ ስወጣ ቀድመው አናገሩኝ። "ትናንት ሦስቴ ገለበጥከው" አሉኝ። "እያወራህ ስለነበር ነው።"

ከሥጋ ቤቱ ባዶ እጄን ወደ ቤተ ክርስቲያን የወጣሁት ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው። ስደርስ አባቴ ጥርሳቸውን አድርገው ከካህናቱ መካከል ቆመዋል። ጉንጫቸው ሞልቷል፣ ድምፃቸው ወፍሯል። ያን ጉንጭ የሞላችው ሴት በፊታቸው ተገንዛ ተኝታለች፤ እሳቸው ይህን ሳያውቁ ያዜሙላታል። ከዚያ ወዲያ መያዝ አቃተኝ። ከቀብር መልስ ቁልቁለቱን ስንወርድ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያኔም ጠርጥሬ ነበር ይሉኛል፣ ምናልባትም ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። አልጠረጠሩም። መንገዱ ላይ ቆሙ።

"ምነው በሕይወት ሳሉ አልነገርከኝ?"

"ምስጋና አልቀበልም ብለው ቃል አስገብተውኝ ነው አባባ።"

"እሳቸው አልቀበልም ማለታቸው የራሳቸው ጾም ነው" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። "አንተን ግን ምስጋናቸውን ማን ብላላቸው ብሎህ ነው አራት ዓመት ሙሉ ስትበላላቸው የኖርከው?"

ቤት ስንደርስ ቅጣቴን ወሰኑ። ለአርባቸው ተዝካር ምግቡን የምሠራው እኔ ነኝ፤ እማሆይ እንዳስተማሩኝ አድርጌ። ማን ሠራው ሲባል ግን አፌን እይዛለሁ።

የአርባቸው ዕለት ከዕድሩ ሴቶች ጋር ከድንኳኑ ጀርባ ገባሁ። ሰብለ ሽርጤን ደብቃ የእሷን አሮጌ ነጠላ አስታጠቀችኝ። የዕድሩ ወጥ ቤት አለቃ እትዬ ደስታ ወንድ ምን ሊሠራ መጣ ብላ ስቃብኝ ነበር፤ ኋላ አዝና ሽንኩርት ላጠችልኝ። ከጠዋት ጀምሬ ሲያጉረመርም ሳወጣ፣ ሲጮኽ ስገለብጥ ዋልኩ፤ አንድም ቃል አላወራሁም። ካህናቱ መጀመሪያ ዳቦውን በጥርጣሬ አዩት። ከዚያ ሳህኖቹ ባዶ ተመለሱ። አንድ ሽማግሌ ቄስ እጃቸውን እየጠረጉ "ማነው የሠራው? እጁ ይባረክ" አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እትዬ ደስታ አየ። ሽንኩርት ከመላጥ በቀር ያደረገችው የለም። እሷም "ኧረ ምን አላት" ብላ አንገቷን ደፍታ ተመረቀች። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ ዕድሜው፣ ጤናው፣ የልጅ ልጁ፣ የቀረ የለም። እኔ ትሪ ይዤ ከጎኗ ቆሜ አሜን አልኩ። አፌ እንደዚያ ዕለት በልቶኝ አያውቅም። አባቴ ከተቀመጡበት ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም። በየእሁዱ እኔ ስመሰገን እማሆይ ከአጥሩ ወዲያ ምን ችለው ይቀመጡ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በጣም ናፈቁኝ።

እሳቸው ያን ጾም ሠላሳ ዓመት ጾመው ሳይፈቱት ሞቱ። እኔ ቤት እስክደርስ እንኳ አልቻልኩም። ቁልቁለቱ ላይ አንድ የማላውቀውን ሰው አስቁሜ በርገሩን የሠራሁት እኔ ነኝ አልኩት። ሰውየው ስለ የትኛው በርገር እንደማወራ አያውቅም ነበር። ይኸው አሁን ደግሞ ለእናንተ ነገርኳችሁ።